ከእርዳታ ወተት እስከ ሚሶ ሾርባ፦ የጃፓን ልጆች ባህላቸውን በትምህርት ቤት ምሳ እንዴት ተማሩ?

እኔ የማኅበሩን ሒሳብ ከሚይዙት አንዷ ነኝ። በዚህ ዜና መጽሔት ላይ ስሜ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ከገቢና ወጪ ሠንጠረዥ ሥር ነው። ዛሬ ግን ታሪክ ልጽፍላችሁ ተነስቻለሁ። ያነሳሳኝ የገዛ ልጄ ነው።

አንድ ቅዳሜ ቀን ሽንኩርት እየከተፍኩ ሳለ የስምንት ዓመቱ ልጄ በር ላይ ቆሞ ያየናል። ታናሽ እህቱ አጠገቤ ተቀምጣ ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች። «ና አንተም አግዘን» አልኩት። «ወንድ ልጅ ማጀት አይገባም» አለኝ። ይህን ማን እንዳስተማረው ጠየቅኩት። «አንቺ ነሽ ያልሽኝ» አለ። እውነቱን ነው። አምና እሳት እንዳይነካው ፈርቼ ሳባርረው በእነዚሁ ቃላት ነበር ያባረርኩት። እናቴም ወንድሞቼን በእነዚሁ ቃላት ታባርራቸው ነበር። የሴቶችን ጉዳይ በሚሠራ ማኅበር ውስጥ ስንት ዓመት ደሞዝ እየበላሁ፣ ቤቴ ውስጥ ሌላ ትምህርት ሳስተምር ኖሬአለሁ።

ከዚያ በፊት የጃፓን ተማሪዎች ነጭ ካፖርትና ቆብ አድርገው ለጓደኞቻቸው ምሳ ሲያቀርቡ በቴሌቪዥን አይቼ አውቃለሁ። ወንዱም ሴቱም ሾርባ ይጨልፋል፣ ሩዝ ያወጣል፣ ሲያልቅም ያጸዳል። ያኔ «የእነሱ ባህል ነው፣ ከጥንት የወረሱት ይሆናል» ብዬ አልፌው ነበር። ልጄ ያንን ከተናገረ በኋላ ግን ነገሩን ከሥሩ ማንበብ ጀመርኩ። ያገኘሁት ከጠበቅኩት ሌላ ነው። ይህ ልማድ እንዲሁ ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ አይደለም። ብዙው የተሠራው ባለፉት ሰባና ሰማንያ ዓመታት ውስጥ ነው፤ ያውም በእርዳታ እህል ተጀምሮ፣ የራሳቸው ምግብ ከልጆቻቸው ምሳ ላይ ለረጅም ጊዜ ከጠፋ በኋላ። ስለዚህ ታሪኩ ለእናንተ ለአባላትም፣ ለእናንተ ለደጋፊዎቻችንም የሚሆን ነገር አለው። (ከዚህ በታች የጃፓን ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመነኮሳቱ ምሳ

ጃፓኖች የትምህርት ቤት ምሳ መጀመሪያ የሚሉት በ1889 በሰሜን ጃፓን፣ ያማጋታ በሚባለው ክፍለ አገር፣ በትሱሩኦካ ከተማ የሆነውን ነው። በዚያ ከተማ የቡድሃ መነኮሳት በአንድ ቤተ መቅደስ ግቢ ውስጥ ለድሆች ልጆች ትምህርት ቤት ከፍተው ነበር። ብዙዎቹ ልጆች ከቤታቸው ምሳ ቋጥረው መምጣት አይችሉም። መነኮሳቱ ታዲያ በየቤቱ በር እየዞሩ ጸሎት እያደረሱ ምጽዋት ይለምኑና በዚያ ምሳ ያዘጋጁላቸው ነበር። ምሳው በእጅ የተድቦለቦለ ሩዝ፣ የተጠበሰ ጨው የገባው ዓሣና በጨው የተቀመጠ አትክልት ነበር ይባላል።

ይህን ሳነብ የቆሎ ተማሪ ትዝ አለኝ። በእኛ አገር ተማሪው ራሱ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ይለምን ነበር። እዚያ ደግሞ አስተማሪዎቹ ለተማሪዎቻቸው ለመኑ። ሁለቱም ዘንድ አንድ ነገር የታወቀ ነበር፦ ትምህርት በባዶ ሆድ አይገባም።

ነገሩ በአንድ ጊዜ አልተስፋፋም። በ1923 ቶኪዮንና አካባቢዋን ካወደመው የካንቶ የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ መንግሥት የልጆች ምሳ እንዲሰጥ ማበረታታት ጀመረ። በ1932፣ ኢኮኖሚው ደቅቆ ገበሬው በተራበ ጊዜ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመንግሥት ግምጃ ቤት ለድሃ ተማሪዎች ምሳ ገንዘብ ወጣ። ከዚያ ጦርነቱ መጣና እህሉም ተቋረጠ፣ ምሳውም ቆመ።

የእርዳታ ዱቄትና የወተት ዱቄት

በ1945 ጃፓን ስትሸነፍ ከተሞቿ ተቃጥለዋል፣ ሕዝቡ ተርቧል። በቀጣዩ ዓመት ላራ በሚል አጭር ስም የሚታወቅ፣ የአሜሪካ የሃይማኖትና የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ኅብረት፣ ምግብና ልብስ በመርከብ መላክ ጀመረ። በሰሜንና በደቡብ አሜሪካ የሚኖሩ የጃፓን ተወላጆችም ለዚህ እርዳታ አዋጥተዋል። ልጆቻቸው ውጭ አገር ያሉ አባሎቻችን ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሳልነግራቸው ይገባቸዋል። በዚህ እርዳታ በታኅሣሥ 24 ቀን 1946 በቶኪዮና በአጎራባቾቿ የትምህርት ቤት ምሳ እንደገና ተጀመረ። በ1949 ደግሞ ዩኒሴፍ የወተት ዱቄት ሰጠ። ጃፓኖች እስከ ዛሬ ድረስ ከጥር 24 እስከ 30 ያለውን ሳምንት የትምህርት ቤት ምሳ ሳምንት ብለው ያከብሩታል። ታኅሣሥ 24 ቀን ተማሪው ለዕረፍት ስለሚዘጋ ነው በአንድ ወር የተገፋው።

እንግዲህ ለደጋፊዎቻችን የምለው እዚህ ላይ ነው። በ1951 ለዱቄቱ መግዣ ይመጣ የነበረው የአሜሪካ የእርዳታ ገንዘብ ቆመ። ምሳው ሊቀር ሆነ። ወላጆችና አስተማሪዎች በመላው አገሪቱ ፊርማ አሰባስበው፣ አቤቱታ ጽፈው ምሳው እንዳይቀር ጠየቁ። መንግሥትም የዱቄቱን ዋጋ በከፊል መሸፈን ጀመረ፤ በ1954 ደግሞ የትምህርት ቤት ምሳ ሕግ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ምሳው የአስተዋጽኦ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የትምህርት አካል ሆነ።

የሒሳብ ሰው ስለሆንኩ ሕጉ ወጪውን እንዴት እንዳከፋፈለ ማየት ደስ አለኝ። ማብሰያ ቤቱ፣ ዕቃውና የሠራተኛው ደሞዝ የትምህርት ቤቱ ባለቤት፣ ማለትም የከተማው አስተዳደር ዕዳ ነው። የጥሬ ዕቃው ዋጋ ደግሞ የወላጅ ነው፤ ለማይችሉት መደጎሚያ አለ። በቅርብ ዓመታት ከወላጅ ምንም የማይቀበሉ ከተሞች በርክተዋል። ግን ለአሥርተ ዓመታት እያንዳንዱ ወላጅ ምን ያህል እንደሚከፍልና የከፈለው ምን ላይ እንደሚውል ያውቅ ነበር። ያዋጣ ሰው ይጠይቃል።

ሩዝ የጠፋበት ገበታ

ምሳው ዳነ። ነገር ግን የዳነው ምሳ የጃፓን ምሳ አልነበረም። ዳቦ፣ የወተት ዱቄት በጥብጦ መጠጥና አንድ ወጥ ነገር ነበር። የዚያ ዘመን ልጆች ዛሬ አዛውንት ሆነው የወተቱን ሽታ እያነሱ ይስቃሉ ይባላል። ከአሜሪካ የሚመጣው ስንዴ ነበርና ልጁ የሚበላውም ስንዴ ሆነ። ስንዴ የሚሸጡት ወገኖችም ነገሩን በዝምታ አላዩትም፤ ከ1956 ጀምሮ በአሜሪካ ገንዘብ የሚንቀሳቀሱ፣ ውስጣቸው ማብሰያ የተገጠመላቸው አውቶቡሶች በየገጠሩ እየዞሩ የቤት እመቤቶችን የዱቄት ምግብ አሠራር ያስተምሩ ነበር።

ዳቦው ክፉ ነበር ማለቴ አይደለም። የተራበ ልጅ የዱቄቱን አገር አይጠይቅም። ብዙ ልጆች በዚያ ምሳ አድገዋል፤ ጃፓኖችም ያንን ውለታ አልካዱም። ግን ልጅ በትምህርት ቤት ለዓመታት የበላውን ነገር ቤቱም ይፈልገዋል፤ ሲያድግም ለልጁ ያበስለዋል። ቤተሰብ ሀብት ሲያገኝ ሥጋው፣ ወተቱ፣ ዘይቱ በገበታው ላይ ጨመረ። በእነዚህ ሁሉ ምክንያቶች በ1962 አንድ ጃፓናዊ በዓመት በአማካይ 118 ኪሎ ያህል ሩዝ ይበላ የነበረው፣ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ከዚያ ግማሽ ወደሚሆን ወረደ። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የገበሬው ሩዝ ጎተራ ሞልቶ ሲተርፍ መንግሥት «አትዝሩ» ብሎ እስከ መክፈል ደረሰ። አስቡት፦ የሩዝ አገር ልጆች በትምህርት ቤት ዳቦ ይበላሉ፣ ሩዙ ጎተራ ይቀመጣል።

ሩዝ በትምህርት ቤት ምሳ ሕጋዊ ቦታ ያገኘው በ1976 ነው። ከጦርነቱ ማብቃት ሠላሳ ዓመት አልፎ ማለት ነው። ዛሬ ሩዝ በአብዛኛው ትምህርት ቤት በሳምንት ከሦስት ቀን በላይ ይቀርባል። ግን በመካከሉ አንድ ትውልድ አልፏል።

በእጅ የሚገባ ትምህርት

የአገራቸውን ምግብ እንደገና ለልጆች ማስተማር ያስፈለገው ለዚህ ነው። በ2005 ጃፓን «ሾኩኢኩ» የሚባል ነገር በሕግ ደነገገች። ቃሉ «ሾኩ» ምግብ፣ «ኢኩ» ደግሞ ማሳደግ ወይም ማስተማር ነው። ሕጉ ስለ ምግብ ማወቅን የአእምሮ፣ የምግባርና የአካል ትምህርት ሁሉ መሠረት ያደርገዋል። በዚያው ዓመት በትምህርት ቤቶች የሥነ ምግብ መምህር የሚባል ሙያ ተጀመረ። ይህች መምህርት የምሳውን ዝርዝር ታወጣለች፣ ወጪውንም ትቆጣጠራለች፣ ክፍል ገብታም ታስተምራለች። የ1954ቱ ሕግም በኋላ ሲሻሻል የአካባቢን የቆየ ምግብ ማወቅና ምግቡን ለደከሙበት ሰዎች ማመስገን በዓላማነት ገቡበት።

ትንንሾቹ ምን እንደሚሠሩ ልንገራችሁ። በመዋዕለ ሕፃናት የአራትና የአምስት ዓመት ልጆች ባቄላ ይፈለፍላሉ፣ የበቆሎ ልባስ ይገፍፋሉ፣ ጎመን በእጃቸው ይቆርጣሉ፣ ሩዝ ያድቦለቡላሉ። ራሳቸው የተከሉትን ዱባና ድንች ይነቅላሉ። በዓመቱ መጨረሻ አካባቢ «ሞቺ» ይወቅጣሉ፤ ይህም የሚጣበቅ ዓይነት ሩዝ በእንፋሎት በስሎ በትልቅ ሙቀጫ የሚወቀጥበት የአዲስ ዓመት ምግብ ነው። ሙቀጫና ዘነዘና ለእኛም እንግዳ አይደለም። ትልልቆቹ ሲወቅጡ ልጆቹ ይቆጥራሉ፣ ተራቸው ሲደርስም ትንሹን ዘነዘና ይይዛሉ።

አንደኛ ክፍል ሲገቡ የምሳ ተረኛ ይሆናሉ። ተረኞቹ እጃቸውን ታጥበው፣ ነጭ ልብስ፣ ቆብና ጭንብል አድርገው ድስቱን ከማብሰያ ቤት ወደ ክፍላቸው ይዘው ይመጣሉ። ለየአንዳንዱ ልጅ በልኩ ያወጣሉ። መምህሩም ከእነሱ ጋር ያንኑ ምግብ ይበላል። ከመብላታቸው በፊት ሁሉም በአንድ ድምፅ «ኢታዳኪማስ» ይላሉ፤ በትሕትና እቀበላለሁ እንደማለት ነው። ሲጨርሱ «ጎቺሶሳማ» ብለው ያመሰግናሉ። በየሳምንቱ መጨረሻ ተረኛው ነጩን ልብስ ወደ ቤቱ ወስዶ አሳጥቦ ይመልሳል።

የዓመቱ በዓላትም በሳህን ላይ ይመጣሉ። በጥር 7 የሰባት ቅጠሎች ገንፎ አለ። በመጋቢት 3፣ የሴት ልጆች ቀን በሚሉት፣ በኮምጣጤ የተለወሰ ሩዝ በልዩ ልዩ ነገር አጊጦ ይቀርባል። ሌሊቱ በሚረዝምበት የክረምታቸው ቀን ደግሞ ዱባ ይበላል። የአዲስ ዓመቱ ሾርባ በምሥራቅ ጃፓን አራት ማዕዘን ሞቺ በጠራ መረቅ፣ በኪዮቶ ግን ክብ ሞቺ በነጭ ሚሶ ነው። ልጁ ሳህኑን እያየ የእሱ አካባቢ ከሌላው እንዴት እንደሚለይ ይማራል። ሚሶ የምለው ከአኩሪ አተርና ከጨው ተብላልቶ የሚሠራ ሊጥ ነው። አምስተኛና ስድስተኛ ክፍል ሲደርስ የትምህርት ሚኒስቴሩ ሥርዓተ ትምህርት ሁለት ምግብ በስም ጠርቶ እንዲማር ያዛል፦ ሩዝ መቀቀልና ሚሶ ሾርባ መሥራት።

በ2001 በካጋዋ ክፍለ አገር የታኪኖሚያ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ከዚህም አልፎ ሄደ። የአምስተኛና የስድስተኛ ክፍል ልጆች በተወሰነ ቀን ምሳቸውን ራሳቸው አብስለው፣ ቋጥረው ይምጡ አለ። ምን እንደሚሠራ የሚያስበው ልጁ፣ ገበያ የሚሄደው ልጁ፣ የሚያበስለው ልጁ፣ ዕቃ የሚያጥበውም ልጁ ነው። ለወላጆች የተሰጠው መመሪያ አንድ ነው፦ አትርዱ። ቢላዋና እሳት ያስፈራቸው ወላጆች ነበሩ። እኔም እፈራ ነበር። ሆኖም ሐሳቡ ወደ ሌሎች ትምህርት ቤቶች ተዛመተ።

ወንዶቹስ?

እኔ በተለይ የፈለግሁት የዚህን መልስ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ፣ ከ1947 ጀምሮ፣ በአንደኛ ደረጃ የቤት አያያዝ ትምህርት ለወንዱም ለሴቱም ነበር። ከፍ ባሉት ክፍሎች ግን ነገሩ ተመለሰ። ከ1960ዎቹ ጀምሮ በመካከለኛ ደረጃ ወንዱ የእጅ ሙያና ማሽን፣ ሴቷ ምግብና ስፌት እንዲማሩ ተለዩ። በሁለተኛ ደረጃም የቤት አያያዝ የሴቶች ግዴታ ሆነ። ስለዚህ ጃፓንም «ወንድ ልጅ ማጀት አይገባም» የሚል ሕግ በመማሪያ መጽሐፍ የጻፈችበት ጊዜ አለ ማለት ነው።

ይህን የለወጡት የተደራጁ ሴቶች ናቸው። በ1974 ወንዶችና ሴቶች ትምህርቱን አብረው ይማሩ የሚል ማኅበር አቋቁመው ለዓመታት ጠየቁ። ጃፓን በሴቶች ላይ የሚደርስን መድልዎ የሚያስቀረውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በ1985 ለማጽደቅ ስትነሳ ይህ ልዩነት እንቅፋት ሆነባት፤ መቀየርም ግድ ሆነ። በመካከለኛ ደረጃ ከ1993፣ በሁለተኛ ደረጃ ከ1994 ጀምሮ ሁለቱም አብረው መማር ጀመሩ። ከማኅበሩ ምሥረታ እስከዚህ ድረስ ሃያ ዓመት ፈጅቷል። «ስብሰባ ስንሰበሰብ ምን ለውጥ መጣ?» የምትሉ እህቶቼ ይህንን ቁጥር ያዙልኝ።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

በታኅሣሥ 2013 ዩኔስኮ «ዋሾኩ» የሚባለውን የጃፓን የአመጋገብ ባህል በዓለም የማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። በዚያው በባኩ ከተማ በተደረገ ስብሰባ የእኛም የመስቀል በዓል ተመዝግቧል። የጃፓኑ ምዝገባ ባህሉ በቤት ብቻ ሳይሆን በመምህራንና በምግብ ሥራ አስተማሪዎችም ለልጆች እንደሚተላለፍ ይገልጻል። ታሪኩን ስናይ ይህ የጌጥ ቃል አይደለም። ቤቱ ሲረሳ ትምህርት ቤቱ ነው ያስታወሰው።

በእኛም በአዲስ አበባ ከ2012 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ምግብ ያገኛሉ፤ የሚያበስሉትም የተደራጁ እናቶች ናቸው። ለብዙ እናት እንጀራ ሆኗል፣ ልጆችም ጠግበው ይማራሉ። ትልቅ ነገር ነው። እኔ የማስበው ከዚያ ቀጥሎ ስላለው ነው። ልጁ ሳህኑን ይዞ ይሰለፋል፣ ይቀበላል፣ ይበላል፣ ይሄዳል። ሽሮው ከምን እንደተፈጨ፣ ማን በሌሊት ተነስቶ እንዳበሰለው አያውቅም። እናት ታበስላለች፣ እናት ታወጣለች፣ እናት ታጥባለች። ወንድ ልጅ በየቀኑ ይህንን ሲያይ ምን ይማራል? ልጄ ከእኔ የተማረውን ይማራል።

ስለዚህ ለቀጣዩ ወርሃዊ ስብሰባችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ስንሰበሰብ ልጆቻችን ግቢው ውስጥ ይጫወታሉ፣ ምሳ ሲደርስ ይጠራሉ። ከዚህ በኋላ በተራ እነሱ ያቅርቡልን። ትንንሾቹ ምስር ይልቀሙ፣ ቆስጣ ይበጥሱ፤ ከፍ ያሉት እንጀራ ያቅርቡ፣ እጅ ያስታጥቡ፣ ዕቃ ይጠቡ። ወንዱም ሴቱም። እሳትና ቢላዋ ላይ አንዲት እናት ትቁም። ለየምግቡ አንዲት አባል ከየት አገር እንደመጣና እንዴት እንደሚሠራ አምስት ደቂቃ ትንገራቸው፤ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከጉራጌ፣ ከሐረር የመጣን ሰዎች ነን፣ የምንለው አናጣም። በየትምህርት ቤቱ የምታበስሉ አባሎቻችንም ከርእሰ መምህሮቻችሁ ጋር ስለ ተረኛ ተማሪ ብትነጋገሩ መልካም ይመስለኛል። ወጪውን አስልቼዋለሁ። ለልጆቹ የሚሆን ጥቂት ሽርጥና ሳሙና ነው፤ ከነባሩ በጀት ይሸፈናል።

ደጋፊዎቻችንም ይህንን እንዲያዩልን እወዳለሁ። የላኩት ዱቄት አንድ ቀን ያልቃል፤ በጃፓንም አልቋል። ሲያልቅ ምሳውን ያቆዩት ፊርማ ያሰባሰቡት ወላጆች ናቸው። ሩዙን ወደ ሳህኑ መልሰው ልጆቹ እንዲያጥቡት፣ እንዲቀቅሉት ያስተማሩት ደግሞ መምህራኑ ናቸው።

ልጄን ለምትጠይቁኝ፦ ባለፈው ቅዳሜ ምስር ልቀም ብዬ ሰፌድ ሰጠሁት። ጠጠሩን ሲጥል ግማሹን ምስር አብሮ ጣለው። እህቱ ሳቀችበት። ተቆጥቶ መሬት የወደቀውን አንድ በአንድ ለቀመው። ወጡ ሲበስል ከሁላችን በፊት የቀመሰው እሱ ነው፤ «ጨው ይጎድለዋል» አለ። እውነትም ጎድሎት ነበር።